ቀለብ ችሎት የሚቀርብ ወላጅ ምን ይዞ ይግባ? ምን ውጭ ትቶ ይግባ?

የቤተሰብ ችሎት በር ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን ሲያብሰለስለው ያደረ ንግግር አለው። ማን ማንን እንደከዳ፣ አማት ምን ብላ እንደነበር፣ በየትኛው በዓል ማን ጥሎ እንደሄደ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተሰድሯል። ስሙ ተጠርቶ ሲገባ ግን ዳኛዋ መዝገቡን ገልጠው፣ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? የት ይማራል? በወር ስንት ይከፈልለታል? እርስዎ ስንት ያገኛሉ?» ይላሉ። ሌሊቱን የተዘጋጀው ንግግር ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

ይህን የምጽፈው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ለእናትም ለአባትም፣ ለጠያቂም ለተጠያቂም። የማወራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሚሠራበት የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአንቀጹ ቁጥርና አንዳንዱ ዝርዝር ሊለይ ይችላል። ችሎት ፊት የሚያዋጣው ጠባይ ግን ባሕር ዳርም ሆነ አዳማ ያው ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ቀለብ የሚለው ቃል ራሱ ያዘናጋል። ስንሰማው ጤፍ፣ ዘይት፣ በርበሬ ይታየናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ግን በምግብ አያበቃም፤ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ይጨምራል። በየጊዜው ጤፍ አስፈጭቶ የሚልክ አባት «ቀለብ እየሰፈርሁ ነው» ቢል በአማርኛው ልክ ነው፤ በሕጉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ በጤፍ አይከፈልም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት «ለእሷ አልከፍልም» የሚለው ነው። ገንዘቡ የእሷ አይደለም። ልጁ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የባንክ ደብተር ከፍቶ፣ ኪራይ መክፈል ስለማይችል አብሮት ያለው ወላጅ ይቀበልለታል፣ ያውልለታል። ልጁ ከአባቱ ጋር የሚኖር ከሆነ ደግሞ ከፋይዋ እናት ናት፤ ሕጉ በጾታ አይለይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ የልጁ ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ «መቼ ተጋባንና» የሚል መከራከሪያ ይዞ የሚገባ አባት ከደጃፉ ቢመለስ ይሻለዋል።

ገንዘቡ የልጁ መሆኑ ሌላም ነገር ይወልዳል። «ብቻ ይፍታኝ እንጂ አምስት ሳንቲም አልፈልግም» ብላ የምትፈርም እናት አለች። ንዴቷ ይገባኛል፤ ግን የፈረመችው የራሷን መብት ትታ አይደለም። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱም ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እንዳለ የማጽደቅ ግዴታ የለበትም። የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማያስጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ማረም ይችላል። ዳኛው «ለልጁስ?» ብለው ሲጠይቁ «ተዉት፣ እኔ አለሁለት» የሚለው መልስ ኩራት ይመስላል እንጂ ለልጁ ምንም አይጨምርለትም።

ስንት ይቆረጣል?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የወላጅን ገቢ አስገብተው መጠኑን የሚያወጡበት ሠንጠረዥ በየግዛታቸው ስላለ እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። የለም። የእኛ ሕግ ዳኛውን ሁለት ነገር እንዲመዝን ብቻ ነው የሚያዘው፤ ልጁ ምን ያስፈልገዋል፣ ከፋዩስ ምን አቅም አለው። በፍቺ ጊዜ ደግሞ የሁለቱም ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁም ዕድሜና ጥቅም ይታያል።

«የደመወዝ ሲሶ ነው» የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። ይህ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ያ የቆረጣ ጣሪያ ነው እንጂ የቀለብ መለኪያ አይደለም። ከደመወዙ ሌላ የቤት ኪራይ ገቢ ያለው፣ ማታ ማታ ራይድ የሚሠራ፣ ሱቅ ያለው ሰው በደመወዙ ሲሶ አይለካም።

እንግዲህ ሠንጠረዥ ከሌለ ዳኛው በምን ይወስናሉ? ፊታቸው በቀረበው ወረቀትና ወረቀቱን ባቀረበው ሰው ታማኝነት። የወላጁ ጠባይ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ጨዋ ሰው አይተው ቀለብ ይቀንሳሉ ማለቴ አይደለም፤ ያመኑትን ሰው ቁጥር ግን ይቀበሉታል፣ ያላመኑትን ሰው ቁጥር ይመረምሩታል።

ወረቀቱ

ጠያቂ ከሆናችሁ የልጁን ወር በቁጥር ጻፉት። የትምህርት ቤት ክፍያና ምዝገባ፣ ሰርቪስ፣ ደንብ ልብስና ደብተር፣ የቤት ኪራይ ውልና ከእሱ የልጁ ድርሻ፣ ምግብ፣ ሕመም ካለበት የሐኪም ወረቀትና የመድኃኒት ደረሰኝ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ጉሊት ሽንኩርት ገዝቶ ደረሰኝ የተቀበለ የለም። እሱን በግምት፣ ግን በሐቀኛ ግምት ጻፉት። «ይቀነሳልና ከፍ አድርጌ ልጀምር» የሚለው የገበያ ዘዴ እዚህ ይጎዳል። ዳኞችም ልጅ ያሳድጋሉ፣ የሽንኩርት ዋጋ ያውቃሉ። የ4 ዓመት ልጅ በወር ይህን ያህል ኪሎ ሥጋ ይበላል የሚል ዝርዝር ያዩ ዕለት ቀጥሎ ያለውን እውነተኛውን የአስም መድኃኒት ወጪም በጥርጣሬ ያዩታል።

ተጠያቂ ከሆናችሁ ገቢያችሁን ከመደበቅ ተጠንቀቁ። እኔ እንደማየው በቀለብ ክርክር ብዙ አባቶችን የሚጥላቸው ይህ ነው። ደመወዝን አሳንሶ የሚያሳይ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ንግድ ፈቃድን ወደ ወንድም ስም ማዞር፣ መኪናን «የጓደኛዬ ናት» ማለት። ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤታችሁ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅማችሁን አጣርቶ እንዲልክ ማዘዝ ይችላል፤ ከገቢዎች የግብር መረጃ፣ ከባንክ የሂሳብ እንቅስቃሴ ማስቀረብ ይችላል። የታዘዘው ደብዳቤ መጥቶ ከተናገራችሁት ጋር ሲጋጭ ልዩነቱን የሚያስረዳ ቃል አይገኝም። ይልቅ እውነቱን ከነጫናው አቅርቡት። ደመወዜ ይህ ነው፣ የባንክ ብድር ይህን ያህል ይቆረጥብኛል፣ የታመሙ እናቴን እጦራለሁ፣ ሌላ ልጅ አለኝ፣ ማስረጃው ይኸውና። አቅም የሚመዘነው እንዲህ ነው።

ሥራ ያጣ ሰውስ? «ሥራ የለኝም» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። መቼ ለቀቁ? በፈቃድዎ ነው ወይስ ተቀንሰው? አሁን በምን ይኖራሉ? እነዚህ ይመጣሉ። መጥሪያ በደረሰው ሳምንት ሥራ የለቀቀ ሰው ታሪኩ ከቀኑ ይነበባል።

ስለ ቀድሞ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር። «ስሰጣት ነበር» የሚል አባት ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። ግን በር ላይ በእጅ የተሰጠ ብር፣ ለልደት የተገዛ ጫማ፣ በእህት በኩል የተላከ ፖስታ ምስክር የለውም። ከዛሬ ጀምራችሁ በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፣ ምክንያቱ ላይም «የኅዳር ወር ቀለብ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ሰከንድ ነው። ተቀባይዋም የተቀበለችውን አልተቀበልሁም አትበል፤ አንዷ የባንክ ወረቀት ቀሪውን ቃሏን ሁሉ ይዛ ትወድቃለች።

ስትናገሩ

እኛ ሙግት የሚወድ ሕዝብ ነን። በጥንቱ ሥርዓት «በላ ልበልሃ» ሲባል ተሟጋች ዘንጉን ይዞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ በግጥምና በቅኔ ባላንጣውን ሲወጋ አገር ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው በሙግቱ ይፈራል፣ ይከበራል። ያ ደም አሁንም አለብን። የቀለብ ችሎት ግን አደባባይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጠባብ ክፍል ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለ መዝገብ አለ፣ ከናንተ በኋላ የሚጠብቅ ሌላ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሟል። የምታገኙት ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንዲት እናት እንዲህ ትላለች እንበል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄ ሰው ለቤተሰቡ ደንታ ኖሮት አያውቅም፣ ደመወዙን በመጠጥና በሴት ነው የሚጨርሰው፣ እናቱም ብትሆን ከመጀመሪያው ጠልታኛለች፣ እኔ ብቻዬን ነው የተንገላታሁት።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ግን የሚጽፉት ቁጥር አላገኙም። ሌላዋ ደግሞ፣ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ከመጋቢት ጀምሮ ከአባቱ ምንም አልደረሰኝም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ተርም ውዝፍ አለበት፣ ደብዳቤው ተያይዟል። እኔ በወር ይህን ያህል አገኛለሁ፣ ኪራዬ ይህ ነው፣ ጉድለቱ ይህን ያህል ነው» ብላ ዝም ትላለች። የሁለተኛዋ አባባል እንዳለ ወደ ውሳኔው ሊገለበጥ ይችላል።

ዳኛውን «ክቡር ፍርድ ቤት»፣ «ክቡር ዳኛ»፣ «ክብርት ዳኛ» ማለት ይበቃል። ሲገቡ ተነሡ፣ ስትናገሩ ቁሙ፣ ተቀመጡ ካሏችሁ ተቀመጡ። የተጠየቃችሁትን መልሱ። «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስመልስ ጥያቄ ላይ ከሠርጋችሁ ቀን አትጀምሩ። የማታውቁትን «አላውቀውም» በሉ፤ ግምት ከሆነ ግምት ነው በሉ።

የሚከብደው ሌላው ወገን ሲናገር ነው። ያ ሰው ፊታችሁ ቆሞ ውሸት ሲናገር ደም ይፈላል። ማቋረጥ፣ «ውሸቱን ነው!» ብሎ መጮኽ፣ ጣት መቀሰር፣ በምፀት መሳቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከሳሹን ተከሳሽ ያስመስላሉ። ብዕርና ወረቀት ያዙ። የዋሸውን ነጥብ በአንድ ቃል ጻፉት፤ ተራችሁ ሲደርስ፣ «በጥር ከፍያለሁ ብሏል፣ የባንክ መግለጫው ግን አያሳይም» ትላላችሁ። የጻፈ እጅ አፍን ያስታግሳል። ከዚያ አልፎ ዳኛን መመላለስ፣ በችሎት መሳደብ፣ በር ወርውሮ መውጣት ችሎት መድፈር ይሆናል፤ ገንዘብ ያስቀጣል፣ ሊያሳስርም ይችላል። ለልጁ ቀለብ ልትከራከሩ መጥታችሁ እዚያው መታሰር ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው።

ማልቀስ ነውር አይደለም። እንባ ከመጣ ይምጣ፣ ውሃ ጠጡና ቀጥሉ። ልጁን ማስለቀስ ግን ሌላ ነው። ልጅን ወደ ፍርድ ቤት ይዞ መጥቶ ኮሪደር ላይ «ይኸው ተመልከት፣ አባትህ ነው እዚህ ያደረሰን» ማለት ጭካኔ ነው። ፍርድ ቤቱ የልጁን ሐሳብ መስማት ከፈለገ ራሱ ይጠራዋል፣ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ኑሮውን አይታ ሪፖርት እንድታቀርብ ያዝዛል። ያኔም ልጁን አታስጠኑት። የ6 ዓመት ልጅ «አባቴ የወላጅነት ግዴታውን አልተወጣም» ብሎ ከተናገረ የማን ቃል እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ክስና መልስ ሲጻፍም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዶቹ ስድብ ማሳመር ሙያ ይመስላቸዋል፤ «ሥነ ምግባር የጎደላት»፣ «አረመኔው ተከሳሽ» ይላሉ። አውጡልኝ በሉ። ያ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ አድጎ አንድ ቀን መዝገቡን ሊያነበው ይችላል።

ሦስት የቁጣ ወጥመዶች

መጀመሪያው «ልጁ የእኔ አይደለም» ነው። እውነተኛ ጥርጣሬ ያለው ሰው ይጠይቅ፣ መብቱ ነው፤ የዲኤንኤ ምርመራም ይታዘዛል። ግን ለመክፈል ስላልፈለገ ብቻ የሚክድ አለ። ሕጉ አባትነትን በፍርድ ለማወቅ ከሚያያቸው ነገሮች ውስጥ አባት ነው የተባለው ሰው የጻፈው ደብዳቤና ልጁን እንደ አባት ሆኖ ሲረዳ፣ ሲያሳድግ መቆየቱ ይገኙበታል። ክርስትናውን ደግሶ፣ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ «የኔ ጀግና» ብሎ መልእክት ሲልክ የኖረ ሰው ችሎት ፊት ሲክድ ክህደቱ አይጠቅመውም። ጊዜ ይገዛ ይሆናል። የተካደው ልጅ ግን አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ቀለብንና ልጅ ማየትን መለዋወጥ ነው። «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም»፤ «ካልከፈለ አያየውም»። ሁለቱም አያስኬዱም። ልጁ አባቱ ስላላየው ርኃቡ አይቆምም፤ አባቱ ስላልከፈለም ናፍቆቱ አይቀርም። ማየት ከተከለከላችሁ እየከፈላችሁ የመጠየቂያ ቀን እንዲወሰን አመልክቱ። ካልተከፈላችሁ እያሳያችሁ ክሰሱ። ችሎት ፊት ከሁለቱ ወላጆች ያንዱ እጅ ንጹሕ ሲሆን ዳኛው ማንን እንደሚያምን አይቸግረውም።

ሦስተኛው መቅረት ነው። «እስቲ ምን ታመጣለች» ብሎ መጥሪያ ተቀብሎ የማይመጣ አባት ክርክሩን አያስቀርም፤ ጉዳዩ በሌለበት ይታይና በጠያቂዋ ቁጥር ብቻ ይወሰናል። ሳይቀርብ ለቀረበት በቂ ምክንያት ያለው ሰው ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ «ረስቼው» ግን ምክንያት አይሆንም። ከሳሽም ካልቀረበች መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ቀጠሮ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት እንደሚቆጠር ከውጭ የመጣችሁ አትርሱ፤ «3 ሰዓት» የጠዋቱ ነው፣ ከቀትር በኋላ መጥታችሁ በር አንኳኩታችሁ የምትሰሙት መልስ ደስ አያሰኝም።

ዘመድና አስማሚ

ከነዘመድ መምጣት ልማዳችን ነው። አንድ የሚያረጋጋ ሰው ይበቃል፤ ኮሪደሩን የሞላ ቤተሰብ ጠብ ይጠራል። ምስክር የምታቀርቡ ከሆነ ያየውን እንዲናገር ብቻ ንገሩት፣ ቃል አታስይዙት። ምስክር ምሎ ነው የሚናገረው፤ በሐሰት ከመሰከረ ወንጀል ይሆንበታል።

ፍርድ ቤቱ ወደ አስማሚ ሊልካችሁም ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሥርዓት ሆኖ ገብቷል። የቀለብ ጉዳይ ለዚህ የተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዳኛ የብር መጠን ይወስናል እንጂ «ሰርቪሱን አንተ፣ ደንብ ልብሱን እኔ፣ በፋሲካ አንተ ጋ፣ በገና እኔ ጋ» የሚል ዝርዝር ማውጣት የሚችሉት ወላጆቹ ናቸው። እዚያ ስትገቡ ከዚህ በላይ አልችልም የምትሉትን ቁጥር ቤታችሁ ወስናችሁ ግቡ። ሽማግሌ ፊት የተስማማችሁትም ካለ በጽሑፍ አድርጉትና ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አስጸድቁት። ያልጸደቀ ስምምነት ሌላው ወገን ሐሳቡን የቀየረ ዕለት ለማስፈጸም ያስቸግራል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ብዙ ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በነጻ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም የነጻ ሕግ ድጋፍ ማእከል አላቸው። ውጭ አገር ያለ ወላጅ በኤምባሲ በኩል ውክልና ልኮ ሊከራከር ይችላል። ውክልናውን ለወንድም ስትሰጡ ግን ከናንተ በላይ የተቆጣውን ወንድም አትምረጡ። የናንተን ገቢ ደብዳቤና የላካችሁበትን ደረሰኝ ይዞ የሚቀርብ፣ ስትጠየቁ ደውሎ የሚያጣራ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የፍቺ መዝገብ ሲከፈት ዋናው ውሳኔ እስኪሰጥ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲታዘዝ መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ እናቶች አያውቁም። ሕጉ ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ይላል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ካልጠየቃችሁ ወራት ያልፋሉ።

ከውሳኔው በኋላ

ውሳኔው ያላስደሰተው ወገን በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ ማለቱ ብቻውን ግን ክፍያውን አያቆመውም፤ የበላይ ፍርድ ቤቱ እግድ ካልሰጠ የታዘዘው ይከፈላል። ካልተከፈለ ባለመብቷ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታለች፤ ደመወዝ ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ሊቆረጥ፣ የባንክ ሂሳብ ሊታገድ፣ ንብረት ሊሸጥ ይችላል። እያለው ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይሰጥ ሰው በወንጀል ሕጉም ይጠየቃል። ውዝፍ እንዲከማች አትጠብቁ፤ ክፍያው እንደቀረ ወዲያው ጠይቁ። የቆየ ውዝፍ ለመጠየቅም ለመክፈልም ይከብዳል።

የቀለብ ውሳኔ እንደ ቤት ሽያጭ ውሳኔ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅም አይደለም። ሁኔታ ሲቀየር ይከለሳል። ከፋዩ ሥራ ካጣ፣ ከታመመ፣ ዝም ብሎ ክፍያ ከማቋረጥ ይልቅ ማስረጃ ይዞ ይቀነስልኝ ብሎ ያመልክት። ዝም ያለበት ወር ሁሉ በአሮጌው ልክ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርበታል። ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ አንደኛ ደረጃ ሲዛወር፣ ኪራይ ሲጨምር፣ የከፋዩ ደመወዝ ሲያድግ ደግሞ ጠያቂዋ ይጨመርልኝ ትላለች። 18 ዓመት የሞላው ልጅም ራሱን መቻል ካልቻለ በራሱ ስም መጠየቅ ይችላል።

የጭማሪ ማመልከቻ የሚታሰብበት ጊዜ ራሱ ዘዴ አለው። የግል ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ የሚያሳውቁት በዓመቱ ማብቂያ ገደማ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ክረምቱን ለእረፍት ተዘግተው ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። ደብዳቤው እጃችሁ የገባ ሳምንት ክላሰራችሁን ይዛችሁ ሬጅስትራር ካልሄዳችሁ፣ ልጁ መስከረም ላይ ደንብ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ሲቆም እናንተ ገና ቀጠሮ ትጠብቃላችሁ።